ለመፋታት የትኛው መንገድ ይሻላል? ሽማግሌ፣ ስምምነት፣ ክስ ወይስ ሸሪዓ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ባለትዳሮች

ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ጠረጴዛዬ ድሬዳዋ ፍርድ ቤት አካባቢ ዛፍ ሥር ናት፤ ጥላው ሲዞር እኔም ጠረጴዛዬን ይዤ አብሬው እዞራለሁ። ዳኛም ጠበቃም አይደለሁም። ግን ባለጉዳይ ለዳኛው ከመናገሩ በፊት ለእኔ ስለሚናገር፣ ስንቱ ትዳር እዚህች ጠረጴዛ ላይ አልቋል። የሚመጣው ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «ጋሼ፣ ፍቺ ጻፍልኝ» ነው። እኔም «በየትኛው?» እላለሁ። ብዙው ሰው ግራ ይጋባል፤ ፍቺ አንድ ዓይነት ብቻ ይመስለዋል።

አይደለም። በመረጣችሁት መንገድ ጊዜው፣ ወጪው፣ የልጆቹ ነገር፣ አንዳንዴም የምትዳኙበት ሕግ ራሱ ይለያያል። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን የሚመርጠው በንዴት፣ ያለዚያም ጎረቤቱ በሄደበት ነው።

መጀመሪያ የማን ሕግ ነው የሚገዛችሁ?

ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሕግ ግን መንገዱ ይረዝማል። ድሬዳዋ በቀጥታ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች እዚህ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ አዲስ አበባ የሚሠራውም እሱው ነው። የፍቺ አቤቱታው የሚገባው እዚሁ ድሬ ለሚያስችለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። የሐረሪ ክልል ደግሞ የራሱ የቤተሰብ ሕግና የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት። በዚያ ላይ የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን መቀመጫም እዚያው ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። የአወዳይ፣ የሐረማያ ወይም የባቢሌ ነዋሪ የሚዳኘው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው። አንድ ከተማ፣ ሁለት ሕግ። እዚህ ድሬ ያጻፈውን ማመልከቻ ይዞ ሐረር ወጥቶ፣ አንቀጹ ሁሉ የሌላ ሕግ ሆኖበት የተመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ ቀኑንም የመኪናውንም ገንዘብ ከሰረ።

ሕጎቹ በመሠረታዊ ሐሳባቸው ይቀራረባሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት ሲጋቡም ሲፋቱም እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ ከዚያ የሚወጣ ክልል የለም። እኔ ከዚህ በታች በቁጥር የምጠቅሳቸው አንቀጾች ግን የፌዴራሉ ሕግ ናቸው። ሐረር የምትከራከሩ ቁጥሩን ከክልሉ ሕግ አመሳክሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁሉም፦ በማዘጋጃ ብትፈራረሙ፣ በቤተክርስቲያን ብትጋቡ፣ ኒካህ ብታስሩ ወይም በሽማግሌ በባህል ብትጋቡ ጋብቻው ጋብቻ ነው። «እኛ እኮ አልተፈራረምንም፣ ዝም ብሎ ኒካህ ነው» ብሎ ጥሎ መሄድ አይቻልም።

ኩርፊያ፦ ሳይፋቱ መለያየት

በጣም የተለመደው መንገድ ይህ ነው፤ እንደ ምርጫ ስለማይታይ እንጂ። እሱ ጅቡቲ ይሄዳል፣ ወይም ከገንደ ቆሬ ወጥቶ ሳቢያን ይከራያል። እሷ እናቷ ቤት ትገባለች። ዓመታት ያልፋሉ። ብር ሲኖረው ይልካል፣ ሲጠፋ ስልኩን ያጠፋል።

ጥቅሙ አንድ ነው፤ ለመታረቅ በሩ አይዘጋም። ጉዳቱ ብዙ ነው። በወረቀት ላይ ጋብቻው ስላለ እሱ እዚያ የሚያፈራው የጋራ ነው፣ እሷ እዚህ የምትከፍተው ጉሊትም የጋራ ነው። የሚበደረውም ለቤተሰቡ ጥቅም ነው ከተባለ ዕዳው ለሁለት ይመጣል። ሕጉ ጋብቻን በፍቺ የሚያፈርሰው ፍርድ ቤት ብቻ ነው ይላል። በሌላ በኩል ደግሞ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው፣ እያንዳንዳቸው ሌላ ኑሮ መሥርተው ሲገኙ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት «ጋብቻው በሁኔታ ፈርሷል» ያለባቸው መዝገቦች አሉ። ስለዚህ ኩርፊያ ላይ የተቀመጠ ሰው ባለትዳር ይሁን ፈት በእርግጠኝነት የሚያውቀው፣ አንዱ ሞቶ ወራሽ ሲመጣ ነው። ያኔ ደግሞ ወረቀቱን የሚያጽፉት ልጆቹ ናቸው።

ለወር ለሁለት ወር ማረፊያ ይሁን። ከዚያ በላይ ግን አልመክርም።

ሽማግሌ

በድሮው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተዘመድ ሽማግሌዎች ራሳቸው ፍቺ ይወስኑ ነበር። አሁን ግን የማስታረቅ እንጂ የማፋታት ሥልጣን የላቸውም። አሁንም ከመጋላ አንድ የተፈረመበት ወረቀት ይዞ መጥቶ «ይኸው ተፋትተናል፣ ሽማግሌዎቹ ፈርመዋል» የሚለኝ አለ። ያ ወረቀት ለስምምነት መነሻ ይሆን ይሆናል፤ ፍቺ ግን አይደለም። በዚያ ወረቀት ሌላ ማግባት ጣጣ ያመጣል።

ሽማግሌ ጎበዝ የሚሆንበት ነገር አለ። ሁለቱም ወላጆች የሚያከብሯቸው፣ ንግግር የማያበዙ ሰዎች ከተገኙ ፍርድ ቤት በዓመት የማይፈታውን የዕቃ ጭቅጭቅ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱታል። ፍርድ ቤቱም ቢሆን በአቤቱታ በመጣ ጉዳይ ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታዩ ሊመራቸው ይችላል። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 ደግሞ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት የሚባል አምጥቷል፤ አስማሚው ወገን የለውም፣ የተስማማችሁትም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ከአጎት ይልቅ ባዳ የሚሻላቸው ሰዎች አሉና እሱን ጠይቁ።

ዱላ ባለበት ቤት ግን ሽማግሌ አይደለም የሚቀድመው። ሽማግሌ «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ማለት ይቀናዋል። ፖሊስና ሐኪም ይቅደሙ፤ የሐኪም ማስረጃውን ያዙ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ክሱ።

በስምምነት መፋታት

ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ይህን የሚያክል የለም። ምክንያት ተናገሩ ተብላችሁ አትገደዱም። የቤታችሁን ጉድ ዳኛ ፊት፣ ምስክር ፊት አትዘረግፉም። የመፋታት ስምምነቱንና የፍቺውን ውጤት፣ ማለትም ልጅ፣ ቀለብ፣ ንብረት፣ በጽሑፍ አድርጋችሁ ለፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ዳኛው ለየብቻም አብራችሁም ያነጋግራችኋል፣ ሐሳባችሁን እንድትቀይሩ ይሞክራል፣ ካስፈለገም ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣችኋል። ከዚያ በነጻ ፈቃዳችሁ መሆኑን፣ ሕግንና ሞራልን የማይቃረን መሆኑን አይቶ ያጸድቀዋል። የልጆቹ ወይም የአንዳችሁ ጥቅም በደንብ አልተጠበቀም ብሎ ካሰበ ደግሞ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የቀረውን ራሱ ሊያስተካክል ይችላል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ሁለት ወጣቶች መጡ። በአንድ ባጃጅ ነው የመጡት፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይቀባበላሉ። ጠብ የለ፣ ኩርፊያ የለ፣ «ጋሼ ቶሎ ጨርስልን» ብቻ። እኔም ጻፍኩ፦ «ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ይሆናሉ፤ አባት በፈለገ ጊዜ ይጎበኛቸዋል፤ እንደ አቅሙም ይቀልባል።» ሦስት መስመር። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ፈረሙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ወር አልሞላም፣ ተመለሱ፤ አሁን በሁለት ባጃጅ ነው። «በፈለገ ጊዜ» ማለት ለእሱ ማታ 4 ሰዓት ጫት ቅሞ በር ማንኳኳትም ነው። ለእሷ ደግሞ «በፈለገ ጊዜ» ማለት እሷ በፈለገችው ጊዜ ነው። «እንደ አቅሙ» ደግሞ በሰኔ 800 ብር፣ በሐምሌ ምንም። ሁለቱም ያጣቀሱት የእኔን ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የማያስጨርሱኝን ሰዎች እንኳ አስቀምጬ እጠይቃለሁ። ልጆቹ ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በር ላይ የሚጠብቃቸው ማን ነው? እሑድ በስንት ሰዓት፣ የት ይመለሳሉ? የዒድ ሁለቱ በዓላት ወይም ገናና ፋሲካ እንዴት ይከፈላሉ? ክረምት ላይ ድሬ ሲወብቅ ሐረር አያታቸው ጋ የሚከርሙ ከሆነ ማን ወስዶ ማን ያመጣል? ከአገር ለመውጣት፣ ለጅቡቲም ቢሆን፣ የሌላኛው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ? ቀለቡ ስንት ብር ነው፣ በወሩ በስንተኛው ቀን ነው፣ በየትኛው አካውንት ነው የሚገባው? የትምህርት ቤት ክፍያና ሕክምና ከዚያ ውስጥ ነው ወይስ ከዚያ ውጭ? አሁን የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «አባት በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን ይህን ያህል ብር በእናት የባንክ ሒሳብ ያስገባል፤ የመመዝገቢያና የዩኒፎርም ወጪ እኩል ይከፈላል፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከአያት ቤት ተረክቦ እሑድ 11 ሰዓት እዚያው ያስረክባል።» ያስቃል፤ የአውቶቡስ ፕሮግራም ይመስላል። ግን ከዚህ ወረቀት ጋር ተመልሶ የመጣብኝ ሰው ጥቂት ነው።

ይህን መንገድ የማልመክረው ለማን ነው? አንዱ ንብረት የሚደብቅ ከሆነ፣ ወይም አንዷ «ተስማምቻለሁ» የምትለው እየፈራች ከሆነ። አጠገቤ ተቀምጣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት ፊቱን ቀና ብላ የምታይ ሴት ካለች፣ «እህቴ፣ ነገ ብቻሽን ነይ» ብዬ እመልሳታለሁ።

በአቤቱታ፣ ማለትም በአንድ ወገን ክስ

አንዱ «አልፋታም» ካለ ወይም የሚሰማችሁ ከጠፋ መንገዱ ይህ ነው። «እሱ ካልፈቀደ ፍቺ የለም» የሚባለው ተረት ነው፤ አንዱ ወገን ብቻውን ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ለማስታረቅ ይሞክራል፣ ወደ ሽማግሌ ሊመራ ይችላል፣ እሱም ካልሆነ ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ይሰጣል። ሁሉም ካልሠራ ፍቺው ይወሰናል። ፍቺውን ራሱን በማግኘት ብዙ አይቆይም፤ የሚጎትተው ንብረቱ ነው።

ክሱ ከስምምነቱ የሚበልጥበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ሰዎች ግን ይረሱታል። አቤቱታው እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል፦ ጉዳዩ እስኪያልቅ ልጆቹ የት ይቆያሉ፣ ማን ይቀልባቸዋል፣ ቤቱንና ንብረቱን ማን ያስተዳድራል። ማመልከቻው ላይ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አስታውሶ አይሰጣችሁም። ስለዚህ የፍቺ አቤቱታ ስታጽፉ የጊዜያዊ ቀለብ ጥያቄና መኪናው ወይም ቤቱ እንዳይሸጥ የእግድ ጥያቄ አብሮ መግባቱን አንብባችሁ አረጋግጡ። የሚጽፍላችሁ እኔም ብሆን አንብቡት።

ልጅን በተመለከተ በየመንደሩ የሚወራ ሕግ አለ፦ «እስከ 5 ዓመት ለእናት፣ ከዚያ ለአባት።» የእናትዋ ግማሽ ከድሮው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቀረ ነው። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 እንዲህ ያለ የዕድሜ መስመር የለውም። ዳኛው የሚያየው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና የአኗኗር ሁኔታ፣ ከዚያም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ነው። ሕፃን ጡት የሚጠባ ከሆነ ወደ እናት ማዘንበሉ አይቀርም፤ ግን የ7 ዓመት ልጅ ደረሰ ተብሎ ለአባት የሚሰጥበት ደንብ የለም። አባቶችም «ፍርድ ቤት ለእናት ብቻ ነው የሚሰጠው» ብለው ሳይሞክሩ አይተዉ። ልጅ ያልተሰጠው ወላጅ የመጎብኘት መብቱ ይቀጥላል፣ የመቀለብ ግዴታውም ይቀጥላል። አንዱ የሌላው ቅጣት አይደለም፤ «ቀለብ አልከፈለም» ብሎ ልጅ መከልከልም፣ «ልጄን አላሳየችኝም» ብሎ ቀለብ ማቆምም ሁለቱም ያስጠይቃሉ። ቀለብ እምቢ ማለት እንዲያውም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የወንጀል ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

የቀለብ መጠን ስንት ነው? በሕጉ የተቆረጠ መቶኛ የለም፤ የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ነው። ደመወዝተኛ ከሆነ ቀላል ነው፣ ከመሥሪያ ቤቱ እንዲቆረጥ ይታዘዛል። የታይዋን ገበያ ነጋዴ፣ ደላላ ወይም የጫት ነጋዴ ከሆነ ግን «ገቢዬ የለም» ማለቱ አይቀርም። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሚነዳው መኪና፣ ምስክር፦ ሁሉንም አዘጋጁ። ኑሮ ሲወደድ ወይም ገቢ ሲቀንስ ቀለቡ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

ሸሪዓ ፍርድ ቤት

ለሙስሊም ባለትዳሮች በድሬም በሐረርም እውነተኛ አማራጭ ነው። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ብቻ ነው። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የተጠናከሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ሲሆን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው ሦስት እርከን አላቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ አድምጡ። ፈቃድ የሚሰጠው በቃል «አዎ» በማለት ብቻ አይደለም። በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት መጥሪያ በአግባቡ ደርሷችሁ ሳትቀርቡ ከቀራችሁ እንደፈቀዳችሁ ተቆጥሮ ጉዳዩ በሌላችሁበት ሊታይ ይችላል። ካልፈለጋችሁ ቀርባችሁ «በዚህ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልስማማም» በሉ፤ ያኔ ወደ መደበኛው ይተላለፋል። አንዴ ተስማምታችሁ ከገባችሁ ግን ነገሩ ሳይጥማችሁ ሲቀር ወደ መደበኛው ይዛወርልኝ ማለት የለም። በመደበኛው የጀመረም እንደዚያው።

ልዩነቱ ምንድነው? በሸሪዓ ባል በጦላቅ፣ ማለትም ራሱ በሚሰጠው ፍቺ፣ ሊፈታ ይችላል፤ ሚስት መህሯን፣ ማለትም ባል ለኒካሁ የሰጣትን፣ መልሳ በኹልዕ ልትወጣ ትችላለች፤ ቃዲው፣ የሸሪዓው ዳኛ፣ ደግሞ በበቂ ምክንያት ኒካሁን ሊያፈርስ ይችላል። ዒዳ፣ ማለትም ሴቷ ሌላ ሳታገባ የምትቆይበት ጊዜ፣ አለ፤ የወር አበባ ለምታይ ሴት ሦስት ቁሩእ (በወር አበባ የሚቆጠር ዑደት)፣ ለነፍሰ ጡር እስክትወልድ። ያልተከፈለ መህር ካለ ዕዳ ነው፣ ይጠየቃል። ልጅን በተመለከተ በአካባቢያችን በሚታወቀው በሻፊዒ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አረዳድ መንገድ) ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ይቆይና ነገር መለየት ሲጀምር ከሁለቱ እንዲመርጥ ይደረጋል።

ትልቁ ልዩነት ንብረት ላይ ነው። በቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ነው፣ በፍቺም በመርህ ደረጃ እኩል ይከፈላል። በሸሪዓ ግን የባልና የሚስት ሀብት በመነሻው የተለያየ ነው፤ ሚስት የራሷ ያለችውን በማስረጃ ታሳያለች። ስለዚህ ቤቱም ሱቁም በባል ስም የሆነባት፣ 20 ዓመት ቤት ውስጥ የለፋች ሴት ከመስማማቷ በፊት ይህን ማወቅ አለባት። በተቃራኒው የራሷ ንግድ፣ የራሷ ወርቅ፣ ያልተከፈለ ትልቅ መህር ያላት ሴት እዚያ ላትጎዳ ትችላለች። አዕምሮዋ የሚያርፈው ኒካሁ በዲኑ ሲፈታ ብቻ የሆነች ሴትም አለች፤ ያንን በብር አልመዝነውም።

ስለ ንብረት ጥቂት

በመደበኛው ፍርድ ቤት ለምትሄዱ፦ ካርታው በማን ስም ነው የሚለው ጥያቄ የምታስቡትን ያህል ዋጋ የለውም። በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። የግል የሚባለው ከጋብቻ በፊት የነበረው፣ ወይም በጋብቻ ውስጥ በውርስ ወይም በስጦታ የመጣው ነው። ሆኖም ከእናቷ ከወረሰችው ቤት የሚገኘው የኪራይ ገቢ የጋራ ነው፤ ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ኮንዶሚኒየም የባንክ ዕዳ ካለበት ዕዳውም አብሮ ይቆጠራል። ዕቁብ አትርሱ። ያልወጣ ዕቁብ ሀብት ነው፣ ወጥቶ የሚከፈለው ዕዳ ነው።

ጋብቻ ሳትፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ የኖራችሁ ደግሞ፣ ኑሮው ቢያንስ 3 ዓመት ከሆነው አብራችሁ ያፈራችሁት የጋራ ይሆናል። ለልጅ ቀለብ ግን ዓመቱ አይቆጠርም፤ ከመጀመሪያው ቀን አለ።

ከመምጣታችሁ በፊት

የጋብቻ ማስረጃ ያዙ፤ ከሌለ ፎቶና ምስክሮች። የልጆች የልደት ካርድ፣ የቤቱ ሰነድ ኮፒ፣ የባንክ ደብተር። አንዲት ሴት ሁሉንም በአንድ ጥቁር ፌስታል ይዛ መጥታ ነበር፤ የ11 ዓመት ደረሰኝ፣ የሲሚንቶው ሳይቀር። ንብረቱ ላይ የተከራከረችው በዚያ ፌስታል ነው።

የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በምትጠይቁት ንብረት ግምት ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ አምጥቶ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ንብረቱ ብዙ ከሆነ ወይም ሌላኛው ወገን ጠበቃ ካቆመ ግን አቁሙ፤ የእኔ ጠረጴዛ እዚያ አይደርስም።

ውሳኔው ከወጣ በኋላ ግልባጩን አስወጡና ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ ፍቺውን አስመዝግቡ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ሊያገባ ሄዶ «ባለትዳር ነህ» ተባለ። ከተፋታ ዓመታት አልፈዋል፤ ግልባጩን አላወጣም፤ መዝገቡን ለማስፈለግ አሁን የማመልከቻ ብር እየከፈለኝ ነው።